ሴይኮ 7ኤስ26 ወይስ ኤንኤች36?

ሁለቱም የሴይኮ የእጅ ሰዓት ማሽኖች አውቶማቲክ ናቸው፤ ክንድ ሲንቀሳቀስ ውስጥ ያለው ክብደት እየዞረ ሞላውን ያጠብቃል። በሰዓት 21,600 ጊዜ ይመታሉ፤ ሞልተው ሲቀመጡ 41 ሰዓት ያህል ይሄዳሉ። 7ኤስ26 ባለ 21፣ ኤንኤች36 ባለ 24 ጁወል (የጥርሶቹ ዘንጎች የሚዞሩባቸው ጠንካራ ድንጋዮች) ነው፤ ለባለቤቱ ግን ይህ ልዩነት አይታይም።

የሚታየው መጠምዘዣው ላይ ነው። 7ኤስ26 በእጅ አይሞላም። ዓርብ ማታ ተፈትቶ ሰኞ ቆሞ ከተገኘ፣ 30 ሴኮንድ ያህል ወደ ጎን አወዛውዞ ማሰር ብቻ ነው። ኤንኤች36ን 55 ጊዜ ያህል ቢጠመዝዙት ይሞላል፤ መጠምዘዣው እስከ መጨረሻ ሲሳብም የሴኮንዱ ቆጣሪ ስለሚቆም ከሬዲዮ ጋር በልክ ይገጠማል።

ቀን አቀያየር ላይ ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ብልሽትም እዚሁ ይበዛል። የሰዓት ቆጣሪው በገጹ ላይ ከ9 እስከ 4 ቁጥር ባለው መካከል ሳለ የቀን ጥርሶቹ ተያይዘው ይሆናል፤ ያኔ በመጠምዘዣው ቀን መቀየር ጥርስ ሊሰብር ይችላል። መጀመሪያ ቆጣሪውን ወደ 6 ያውርዱት። በኢትዮጵያ ሰዓት ከሞሉት ቀኑ የሚዞረው 12 ሰዓት ላይ፣ ምሽት ወይም ንጋት ነው። በእኛ ቀን ለሚጠቀም ደግሞ ከ30 በኋላ 31ን ማለፍ የየወሩ ሥራ ነው፤ ጳጉሜ ሲያልቅማ ብዙ ማዞር አለ።

እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ውርጭ፣ ዘይቱ የደረቀ ማሽን ሌሊት ጠረጴዛ ላይ ሲያድር ይዛባል። ያኔ መፍትሔው ማጠብና ዘይት መቀባት እንጂ ማሽን መለወጥ አይደለም። 7ኤስ26 ከተበላ ግን በኤንኤች36 መተካት ይሻላል። መጠምዘዣው 4 ቁጥር አጠገብ ከሆነ የቀን ሰሌዳው ከመስኮቱ ጋር ስለማይገጥም፣ የአሮጌው ሰሌዳ ይዛወር።