ትርፍ አንጀት፦ በሰፊው ቅድ ወይስ በላፓራስኮፒ?

ወንድሜ ብቸና አጠገብ የሚያርስ ገበሬ ነው። የአክስቴ ልጅ ባሕር ዳር አስተማሪ ናት። በአንድ ዓመት ልዩነት የሁለቱም ትርፍ አንጀት ወጣ፤ የእሱ በተለመደው ኦፕራሲዮን፣ ማለትም በሰፊው ቅድ፣ የእሷ በላፓራስኮፒ፣ ማለትም በትንንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ በሚሠራው። ከዚያ ወዲህ ዘመድ አዝማዱ «የቱ ይሻላል?» እያለ ይጠይቀኛል።

የወንድሜ ጠባሳ በስተቀኝ ከቀበቶው ዝቅ ብሎ ነው፤ የሌባ ጣት ያህል ይረዝማል። ሐኪሙ እዚያ ላይ ቀዶ፣ ያበጠውን ትርፍ አንጀት ከሥሩ አስሮ ቆርጦ አወጣለት። የተሰጠው ጀርባ ላይ የሚወጋ ማደንዘዣ ስለሆነ ሐኪሞቹ ሲነጋገሩ ይሰማ ነበር። የእሷን ጠባሳ ግን ፈልጋችሁ ነው የምታገኙት። አንዱ እምብርቷ ውስጥ ተደብቋል፤ ሁለቱ ከጥፍር አይበልጡም። ሆዷ በጋዝ ተነፋ፣ በአንዱ ቀዳዳ ካሜራ ገባ፣ ሐኪሙ ስክሪን እያየ ሠራ። ለዚህ ሙሉ ማደንዘዣ ያስፈልጋል።

በማግስቱ ቀኝ ትከሻዋን አመማት። ሆዷን ተቀድዳ ትከሻዋን ሲያማት ክፉኛ ደነገጠች። ነገሩ ግን የተለመደ ነው፦ የቀረው ጋዝ ሆድንና ደረትን የሚለየውን ጡንቻ ሲቆጠቁጠው ሕመሙ ትከሻ ላይ ይሰማል፤ በጥቂት ቀን ይጠፋል። አስቀድሞ የነገራት ሰው አለመኖሩ እስካሁን ያሳዝነኛል።

በማገገሙ ላፓራስኮፒ ይበልጣል። እሷ በአሥረኛው ቀን ክፍል ገባች። የወንድሜ ቁስል ግን መግል ያዘ፤ በሰፊው ቅድ ይህ በብዛት ያጋጥማል። ጊዜው ኅዳር ነበር፣ ጤፉ ደርሷል፣ እሱ ማጭድ መያዝ አይችልም። ጎረቤት በደቦ አጨደለት። ከሰፊው ቅድ በኋላ ከባድ ነገር ሳያነሱ ከ4 እስከ 6 ሳምንት መቆየት ያስፈልጋል። በጉልበቱ ለሚያድር ሰው ይህ ቀላል ወጪ አይደለም።

ላፓራስኮፒ ሌላም ጥቅም አለው። ካሜራው ሆዱን ዞሮ ያያል። ሴት ልጅ ቀኝ ጎኗን ሲያማት ትርፍ አንጀት ይሁን የእንቁላል ማምረቻ ችግር ላይለይ ይችላል፤ ካሜራው ይለየዋል። እ.ኤ.አ. በ1980 ትርፍ አንጀትን በዚህ መንገድ ያወጣው ጀርመናዊው ኩርት ዜምም የማህፀን ሐኪም ነበር። ወፍራም ሰውንም ይጠቅማል፤ ብዙ ስብ ቀዶ መግባት አይኖርም።

እንግዲህ የኔ ምክር፦ ባሕር ዳር ካላችሁ፣ መሣሪያውም የለመደው ሐኪምም ካለ፣ አቅሙም ካላችሁ ላፓራስኮፒን ምረጡ። ሞጣ ወይም ፍኖተ ሰላም ሆናችሁ አቅራቢያችሁ ያለው ሆስፒታል «ቀደን እናወጣለን» ካለ ግን እዚያው ተቀደዱ። ቀዳዳው እንዲያንስ ብላችሁ በሽተኛ ጭናችሁ መንገድ አትጀምሩ። ትርፍ አንጀት ከፈነዳ መግሉ ሆድ ውስጥ ይረጫል፤ ያኔ የጠባሳው ነገር ይረሳል፣ ጉዳዩ የነፍስ ይሆናል። ሕመሙ እምብርት አካባቢ ጀምሮ ወደ ቀኝ ታችኛው ሆድ ከወረደ፣ ምግብ ካስጠላና ካስመለሰ «ቁርጠት ነው» ብላችሁ ጤና አዳም እየጨመቃችሁ አትደሩ። የሚያስቀምጥ መድኃኒትም አትስጡ። ምንም ሳይበላ ሐኪም ጋ ይድረስ።

ላፓራስኮፒ ከመረጣችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ መሐል ላይ ካልተመቸ ሐኪሙ ወደ ሰፊው ቅድ ሊዞር ይችላል፤ ያኔ ክፍያው ስንት ይሆናል? ሁለተኛ፣ የጤና መድን ካላችሁ ይህን ይሸፍናል ወይ? መሣሪያው ውድ ስለሆነ ዋጋው ከፍ ይላል። ቤት ከገባችሁ በኋላ ትኩሳት ከመጣ፣ ሆድ ከተነፋ ወይም ቁስሉ ከቀላ፣ በየትኛውም መንገድ ተሠሩ፣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ተመለሱ።