የኮንሰርቫቶሪ ጣሪያ ሲቀየር፦ ፖሊካርቦኔት፣ መስታወት ወይስ ድፍን ጣሪያ?

እንግሊዝ አገር ቤት ያለው ሐበሻ ኮንሰርቫቶሪ የምትባለውን ክፍል ያውቃታል። ከሳሎን ኋላ ወደ ጓሮ የወጣች፣ ዙሪያዋን መስታወት የሆነች። ሐምሌ ላይ ሙቀቷ አያስቀምጥም። ጥር ላይ ጋቢ ተደርቦም አትቻልም። በመጨረሻ የብስክሌት ማቆሚያና የልብስ ማስጫ ሆና ትቀራለች።

ዋናው ችግር ያለው ከላይ ነው። በአውሮፓውያን 1980ዎቹና 1990ዎቹ ከተሠሩት ብዙዎቹ ጣሪያቸው ስስ ፖሊካርቦኔት፣ ማለትም ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ነው። ሙቀት በጣሪያው ምን ያህል እንደሚያልፍ የሚለካው ዩ-ቫልዩ በሚባል ቁጥር ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ይሻላል። ሻጭ ሲመጣ ከዋጋው በፊት ይህን ጠይቁት።

ርካሹ መንገድ ወፍራም አዲስ ፖሊካርቦኔት መግጠም ነው። የ25 ሚሊ ሜትሩ ዩ-ቫልዩ 1.6 ገደማ ነው። ሥራው ቶሎ ያልቃል፤ አሮጌው ፍሬም ወፍራሙን መቀበሉ ግን ይታይ። ከድሮው ይሻላል፤ ዓመቱን ሙሉ የሚያስቀምጥ ግን አይደለም። ዝናቡም አለ። ቆርቆሮ ቤት ላደገ ሰው ድምፁ ትዝታ ሊቀሰቅስ ይችላል፣ ቤት ሆኖ በስልክ ለሚሠራ ግን ጣጣ ነው።

መስታወት ሲሆን ቁጥሩ ወደ 1.1 ይወርዳል። የፀሐይን ሙቀት የሚመልስ ሽፋን ያለውን ምረጡ፤ ተራውን ድርብ መስታወት አልመክርም። ትልቁ ጥቅሙ ብርሃን ነው። ከጀርባው ያለው ኩሽና ሌላ መስኮት ከሌለው ምርጫችሁ ይኸው ነው። ክፍሏ ወደ ደቡብ የምታይ ከሆነ ግን ሽፋኑም ሙሉ በሙሉ አያድናችሁም። መጋረጃ ይጨመራል፣ የጣሪያ መጋረጃ ደግሞ ርካሽ አይደለም።

ድፍን ጣሪያ ሌላ ነገር ነው። ከላይ ቀላል ታይል፣ መሐል ሙቀት እንዳያልፍ የሚያግድ ወፍራም ኢንሱሌሽን፣ ከታች ኮርኒስ። ዩ-ቫልዩው 0.18 ወይም ከዚያ በታች ይሆናል። ከመስታወቱ በስድስት እጥፍ ያህል ይሻላል ማለት ነው። ዝናቡ አይረብሽም፣ መብራት ኮርኒሱ ውስጥ ይገጠማል። ዋጋው ግን ብዙውን ጊዜ ከሁለቱም ይበልጣል፣ ክብደቱም እንደዚያው። ስለዚህ ፍሬሙና መሠረቱ መቻላቸው መመርመር አለበት። የቢልዲንግ ኮንትሮል፣ ማለትም የግንባታ ደንብ ተቆጣጣሪው ፈቃድም ያስፈልጋል። አንዳንድ ሠራተኛ «ችግር የለም፣ ማንም አያይም» ይላችኋል። ቤቱን ስትሸጡ የገዢው ሶሊሲተር (ጠበቃ) ያያል። የማጠናቀቂያ ሰርተፊኬት ካልያዛችሁ ሽያጩ ሊጓተት ይችላል። ማን እንደሚያመለክት፣ ማን እንደሚከፍል ውሉ ላይ ይጻፍ።

ቤቱ እንዳይጨልም አንድ ሁለት የጣሪያ መስኮት አስገቡበት። የሚከፈት ይሁን። ቡና እዚያው ለመቁላት ላሰበ ቤተሰብ ይህ ቅንጦት አይደለም።

አራተኛ አማራጭም በማስታወቂያ ታያላችሁ፦ አሮጌው ፖሊካርቦኔት ሳይነሳ ከሥሩ ኢንሱሌሽንና ኮርኒስ መለጠፍ። ዋጋው ያጓጓል። እኔ አልወደውም። የክፍሉ እርጥብ ሞቃት አየር ሾልኮ ወደ ላይ ይወጣና ቀዝቃዛውን ፖሊካርቦኔት ሲነካ ውሃ ይሆናል። ውሃው ከኮርኒሱ በላይ ስለሆነ አይታያችሁም። ሻጋታው ሲሸታችሁ እንጨቱ መበስበስ ጀምሮ ሊሆን ይችላል። በትክክል የእንፋሎት መከላከያና የአየር ማለፊያ ተደርጎለት ከተሠራ ይሆናል፣ ግን ያንን የሚያደርገው ሁሉም ሠራተኛ አይደለም።

እንግዲህ ክፍሏን ለምን ትፈልጓታላችሁ? ከፋሲካ እስከ መስቀል ለመቀመጥ ብቻ ከሆነ ድፍኑ ላይ ገንዘብ አታፍስሱ። የልጆች ማጥኛ ወይም ቢሮ ከሆነ ግን እኔ ድፍኑን እመርጣለሁ፤ ፍሬሙ ከቻለ። የጎኑ መስታወት አርጅቶ ነፋስ የሚያስገባ ከሆነ ጣሪያው ብቻውን ተአምር አይሠራም፣ አብሮ ይታሰብ። ወደ ቤት የሚያስገባውን በርም አታንሱት። ያ በር ከወጣ የሕጉ ጥያቄ ይበዛል፣ የቤቱም ሙቀት በዚያ ይወጣል።

ክፍያውን በተመለከተ «ይህ ዋጋ ለዛሬ ብቻ ነው» ያለውን ሰው ሸኙት። ቢያንስ ከሦስት ቦታ ዋጋ ውሰዱ። ቀብዱን በክሬዲት ካርድ ክፈሉ። ዋጋው ከ100 ፓውንድ በላይ እስከ 30,000 ፓውንድ ከሆነ፣ የተወሰነውን ብቻ በካርዱ ብትከፍሉም ድርጅቱ ሲከስር ወይም ሥራውን ሲያበላሽ ካርዱን የሰጣችሁ ባንክም አብሮ ተጠያቂ ነው። ዴቢት ካርድ ይህ የሕግ ጥበቃ የለውም።