ሌትሮዞል፣ ክሎሚድ፣ መርፌ ወይስ አይቪኤፍ? ፒሲኦኤስ ኖሮባት ማርገዝ ለምትፈልግ ሴት የቀረበ ንጽጽር

ፒሲኦኤስ (እንቁላል በየወሩ እንዳይወጣ የሚያደርግ የሆርሞን መዛባት) ያለባት ሴት እንቁላል አያንሳትም፤ የሚቸግራት በየወሩ አንዱ በስሎ አለመውጣቱ ነው። እናም ሕክምናዎቹን ሳወዳድር የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ የትኛው አንዲት እንቁላል ብቻ አብስሎ ያወጣል?

ከሁሉ በፊት ግን ባልሽ የዘር ፈሳሽ ምርመራ ያድርግ። አንቺ ለወራት ክኒን ስትውጪ ከርመሽ ችግሩ በእሱ በኩል ቢገኝ ያናድዳል።

እንቁላል ለማብሰል ለዓመታት በቅድሚያ የሚታዘዘው ክኒን ክሎሚድ ነበር፤ አሁን ሌትሮዞል የተባለው ክኒን ቀድሞታል። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ የአሜሪካ ጥናት 750 ሴቶች ለሁለት ተከፍለው እስከ 5 ዙር ታከሙ። ሌትሮዞል ከወሰዱት 27.5 በመቶ፣ ክሎሚድ ከወሰዱት 19.1 በመቶ ልጅ ወለዱ። ክሎሚድ ኤስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን የሚያርፍበትን ቦታ ስለሚዘጋ የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋን ሊያሳሳ ይችላል። ሌትሮዞል ግን ኤስትሮጅንን ለጥቂት ቀናት ብቻ ቀንሶ ቶሎ ከሰውነት ይወጣል። ሁለቱም ወር አበባ በመጣ በ3ኛው ቀን አካባቢ ተጀምረው ለ5 ቀን ይወሰዳሉ። ክሎሚድ የሙቀት ወላፈን ያበዛል፣ ሌትሮዞል ድካምና ማዞር። የሌትሮዞል ወረቀት ላይ «ለጡት ካንሰር» የሚል ብታነቢ አትደንግጪ፤ መጀመሪያ የተሠራው ለዚያ ነው። ሆኖም ከመጀመርሽ በፊት አለማርገዝሽን አረጋግጪ።

ሜትፎርሚን ለስኳርና ለኢንሱሊን ይረዳል። ለማርገዝ ብቻውን ግን አልመርጠውም፦ እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ ጥናት ሜትፎርሚን ብቻ ከወሰዱት የወለዱት 7.2 በመቶ ሲሆኑ፣ ክሎሚድ ከወሰዱት 22.5 በመቶ ነበሩ። ክብደት ለበዛባት ሴት 5 በመቶ ያህል መቀነስ ወር አበባን ሊያስተካክል ይችላል። ቀጭኗን ግን «ክብደት ቀንሺ» ማለት ምን ይጠቅማታል?

ክኒኑ እምቢ ካለ ሁለት መንገድ አለ። የሆርሞን መርፌ ጉልበት አለው፤ ችግሩ ብዙ እንቁላል በአንዴ ማብሰሉ ነው። በትንሽ መጠን ተጀምሮ በአልትራሳውንድ በቅርብ ካልተከታተሉት መንታና ከዚያ በላይ ያመጣል። ብዙ እንቁላል ከታየ ያንን ዙር የሚሰርዝ ሐኪም ጥሩ ሐኪም ነው፣ ቢያስከፋም። ሌላው በላፓሮስኮፒ (በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ በሚሠራ ቀዶ ሕክምና) ኦቫሪውን፣ ማለትም እንቁላል የሚወጣበትን አካል፣ በጥቂት ቦታ መብሳት ነው። መንታ የማምጣት ስጋቱ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ቀዶ ሕክምና ስለሆነ ጠባሳ ሊተውና የእንቁላል ክምችትን ሊቀንስ ይችላል። በሌላ ምክንያት ላፓሮስኮፒ ለሚደረግላት ሴት ይበልጥ ይስማማል።

አይቪኤፍ (እንቁላልና ዘርን ከሰውነት ውጭ አዋህዶ ሽሉን ማህፀን ውስጥ ማስገባት) የማህፀን ቱቦ ለተዘጋባት፣ የባሏ ዘር ለደከመባት፣ ወይም ሌላው ሁሉ ላልሠራላት ነው። እዚህ ብዙ እንቁላል የሚፈለገው ሆን ተብሎ ስለሆነ ኦቫሪ ከልክ በላይ የመነቃቃት አደጋ አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ፣ 1,508 የፒሲኦኤስ ታካሚዎችን ባካተተ የቻይና ጥናት፣ ሽሉን አቀዝቅዞ ቆይቶ ማስገባት ይህን አደጋ ከ7.1 ወደ 1.3 በመቶ አውርዶታል። የወለዱትም 49.3 በመቶ ሆነዋል፤ ሽሉ ወዲያው ከገባላቸው 42 በመቶ ናቸው። በሌላ በኩል በቀዘቀዘው ቡድን በእርግዝና ወቅት የሚከሰት የደም ግፊት ሕመም (ፕሪኤክላምፕሲያ) በዝቷል። ስለዚህ ሐኪምሽን «ሽሉን ሁሉ ታቀዘቅዙታላችሁ?» ብለሽ ጠይቂ። በሕክምናው መሃል ሆድሽ በፍጥነት ከተነፋ፣ ትንፋሽ ካጠረሽ ወይም ሽንትሽ ከቀነሰ ቀጠሮሽን ሳትጠብቂ ሂጂ።