የፋይል ስም በጅምላ ለመቀየር፦ ኤፍ2 ወይስ ፓወርሪኔም?

ከካሜራ የወረዱ 2,000 ፎቶዎችን ስም አንድ በአንድ መቀየር ዕድሜ ይፈጃል። ዊንዶውስ ላይ ግን ሁለት አቋራጮች አሉ።

አንዱ ምንም ፕሮግራም መጫን አይጠይቅም። ፋይሎቹን በሙሉ መርጦ ኪቦርዱ ላይ ያለውን የኤፍ2 ቁልፍ መንካት፣ «ጉዞ» ብሎ መጻፍ፣ ከዚያ ኢንተር። ወዲያው «ጉዞ (1)»፣ «ጉዞ (2)» እያሉ ይሰለፋሉ። ችግሩ የቀድሞው ስም ጨርሶ መጥፋቱ ነው፤ ቀን ተጽፎበት ከነበረ እሱም አብሮ ይሄዳል። ቁጥሮቹ ፊት ዜሮ ስለማይገባም፣ ስምን በፊደል ተራ ብቻ በሚደረድር መሣሪያ ላይ 10ኛው ፎቶ ከ2ኛው ቀድሞ ቁጭ ይላል።

ሁለተኛው፣ ፓወርሪኔም፣ ማይክሮሶፍት በነፃ በሚያቀርበው ፓወርቶይስ በተባለ የመሣሪያዎች ስብስብ ውስጥ ይገኛል። የሚሠራው ፈልጎ በመተካት ነው፦ «ረቂቅ_2023_በጀት» ከሚለው ስም «ረቂቅ»ን ብቻ አውጥቶ «ጸዳቂ»ን ያስገባል፣ ሌላውን አይነካም። ከሁሉም የምወድለት አሮጌውንና አዲሱን ስም ጎን ለጎን አስቀድሞ ማሳየቱን ነው። ሬጉላር ኤክስፕሬሽን (የሚፈለገውን ጽሑፍ በምልክቶች የሚገልጽ የፍለጋ ቋንቋ) የሚለውን ምርጫ ሲያበሩት ጉልበቱ ይጨምራል፤ አደጋውም እንዲሁ። በዚያ ቋንቋ ተራዋ ነጥብ «ማንኛውም ፊደል» ማለት ስለሆነች፣ የተገኘው ሁሉ እንዲተካ የሚያደርገውንም ምርጫ አብርቶ ነጥብን በሰረዝ እተካለሁ ያለ ሰው ሙሉ ስሙ ሰረዝ ብቻ ሆኖ ያገኘዋል።

ለፎቶ ኤፍ2 ይበቃኛል። ለሰነድ ግን በፍጹም አልነካውም። በሁለቱም ከተሳሳቱ ሌላ ሥራ ሳይጀምሩ ኮንትሮልና ዜድን መጫን የቀድሞውን ስም ይመልሳል።