ሙሉ አሉሚኒየም ራዲያተር በአሮጌ ላንድክሩዘር ላይ፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ባለ 4.2 ሊትር 1ኤችዜድ ናፍጣ ሞተር ባለው ላንድክሩዘር 80 ላይ አሮጌው የመዳብ ራዲያተር ወልቆ ባለ ሁለት ረድፍ ቱቦ ሙሉ አሉሚኒየም ገብቷል። ወራቱን ሙሉ ዳገት፣ ኮረኮንች፣ ጭቃና ረጅም አስፋልት አይቷል። ውጤቱ ጥሩ ነው፤ ጥሩ ያደረገው ግን አሉሚኒየም መሆኑ ብቻ አይደለም። ብዙ ሰው ራዲያተር የሚመርጠው በውፍረቱ ነው፤ መመረጥ ያለበት ግን መኪናው ላይ በሚቀመጥበት ልክ እና በሚጠገንበት ቦታ ነው።

ለአሮጌ መኪና የሚገኘው ሦስት ዓይነት ነው፦ መዳብና ነሐስ፣ አሉሚኒየም ከፕላስቲክ ታንክ (ቱቦዎቹ የሚገቡበት የውሃ ሳጥን) ጋር፣ ሙሉ አሉሚኒየም። መዳብ ሙቀት በማስተላለፍ ከአሉሚኒየም ይበልጣል፤ ይሁንና በመዳቡ ራዲያተር ላይ ቱቦዎቹ ነሐስ፣ ማያያዣው ደግሞ ስታኞ (ቀልጦ የሚያጣብቅ ለስላሳ ብረት) ነው፤ ሁለቱም ከመዳብ በእጅጉ ያንሳሉ። አሉሚኒየሙ ጥንካሬ ስላለው ቱቦው 25 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ስፋት ይኖረዋል፤ የመዳቡ አብዛኛውን ጊዜ ከ13 እስከ 16 ነው። ስለዚህ ሁለት ሰፋፊ የአሉሚኒየም ረድፎች ሦስት የመዳብ ረድፎችን ያህል ይሰራሉ።

«ባለ 4 ረድፍ» የሚለው ማስታወቂያ አያታልል። የኋለኞቹ ረድፎች የሚያገኙት በፊተኞቹ የሞቀ አየር ነው። ኮሩ (ቱቦዎቹና በመካከላቸው ያሉት ስስ ክንፎች) በወፈረ ቁጥርም አየር ለማለፍ ይቸገራል። መኪናው በፍጥነት ሲሄድ ነፋሱ ያግዛል፤ በከባድ ማርሽ እየተጎተተ ዳገት ሲወጣ ግን ያለው ቬንትሌተሩ ብቻ ነው።

ከመግዛት በፊት ጥፋቱ የራዲያተሩ መሆኑ ይረጋገጥ። ሞተሩ ሞቆ ሳለ ኮሩን በኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ከዳር እስከ ዳር ይለኩት፤ በድንገት የሚቀዘቅዝ ቦታ ካለ እዚያ ቱቦው ተደፍኗል። ሙቀቱ እኩል ሆኖ ሞተሩ አሁንም የሚግል ከሆነ ወደ ቪስከስ ክላቹ (ሙቀት ሲጨምር ቬንትሌተሩን አጥብቆ የሚያዞረው ክፍል)፣ ወደ ቴርሞስታቱ (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚከፍተው ቫልቭ) እና ወደ ራዲያተሩ ክዳን ይዙሩ። ክዳን ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን በ2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ግፊት የሌለው ውሃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የ0.9 ባር ክዳን የመፍያውን ሙቀት ከ20 ዲግሪ በላይ ከፍ ያደርገዋል፤ ስፕሪንጉ የደከመ ክዳን ይህን ሁሉ ያሳጣል።

ከሁሉ በላይ ጊዜ የሚገባው መለካቱ ነው። ከኮሩ ጀርባ እስከ ቬንትሌተሩ ምላጭ ቢያንስ 25 ሚሊሜትር ክፍተት ይቅር። አዲሱ ኮር ከአሮጌው በ15 ሚሊሜትር ቢወፍር ያ ሁሉ የሚቀነሰው ከዚህ ክፍተት ነው። የሞተር መቀመጫ ጎሚኒ ያረጀ ከሆነ ፍሬን ሲያዝ ሞተሩ ወደፊት ይገፋል። ወንዝ ሲሻገር ደግሞ ውሃ ውስጥ የገባው የፕላስቲክ ቬንትሌተር ወደ ራዲያተሩ ይለጠጣል። ምላጩ ኮሩን የሚፈቀፍቀው ያን ጊዜ ነው። ቬንትሌተሩን የሚከበው የፕላስቲክ ከለላም በልኩ መግጠም አለበት፤ ያለ እሱ ቬንትሌተሩ የሞተሩን ትኩስ አየር መልሶ ይስባል እንጂ በኮሩ ውስጥ አያሳልፍም።

አሰቃቀሉ ሌላው ወሳኝ ነገር ነው። ኮረኮንች ላይ ሻንሲው ይጣመማል፤ ራዲያተሩ በብሎን ተወጥሮ ከታሰረ ጥምዘዛው በቀጥታ ወደ ታንኩ ብየዳ ይሄዳል። ከታች በአዲስ ጎሚኒ ላይ ይቀመጥ፤ የላዩ ማሰሪያ ደግሞ በእጅ ሲነቀነቅ ጥቂት ይንቀሳቀስ። ከቱቦውና ከታንኩ መገናኛ የሚጀምር ልብስ ስፌት የመሰለ ቀጭን ስንጥቅ ብዙ ጊዜ የጥራት ጉድለት ሳይሆን የዚህ ውጤት ነው።

አሉሚኒየም ያለቦታው የሚያልፍ ኤሌክትሪክ ይበሳዋል። የመልቲሜትሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ፣ ሌላውን ብረት ሳይነካ ኩላንቱ (በራዲያተሩ ውስጥ ያለው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ውስጥ ያድርጉ፤ ሞተሩ በርቶ፣ መብራቱና ኤሲው ሁሉ ይሰራ። ከ0.1 ቮልት በላይ ካሳየ ማስጠንቀቂያ ነው፤ 0.3 ከደረሰ ራዲያተሩ ዕድሜ የለውም። ከባትሪ ወደ ሞተርና ወደ ሻንሲ የሚሄዱት የኔጋቲቭ ሽቦዎች ዝገታቸው ተፍቆ ይታሰሩ። ተጨማሪ መብራት ኔጋቲቩን ከራዲያተሩ ማሰሪያ ላይ ወስዶ ከሆነ ወዲያውኑ ይነቀል።

አዲሱ ከመግባቱ በፊት ሞተሩ በጎኑ ባለው ማፍሰሻ ተከፍቶ ውሃው እስኪጠራ ይታጠብ፤ የብሎኩ ዝገት ጠባቦቹን ቱቦዎች ቶሎ ይደፍናል። ኩላንትና የተጣራ ውሃ እኩል በእኩል ይቀላቀሉ። አረንጓዴና ቀይ ኩላንት አይደባለቅ፤ ፍሳሽ ማቆሚያ ዱቄትም አይጨመር። ሲሞላ የማሞቂያው ቫልቭ ተከፍቶ፣ የመኪናው አፍንጫ ሽቅብ ቆሞ ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ይሥራ፤ የላይኛው ማኒኮቶ (የራዲያተሩ የጎማ ቱቦ) ሲግልና አረፋ ሲያቆም ይከደናል። በማግስቱ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ደረጃው እንደገና ይታይ።

ከወራት በኋላ የሚታየው እንዲህ ነው። የመኪናው ጌጅ በሰፊ የሙቀት ክልል መሃል ላይ ስለሚቆም ማኒኮቶው ላይ የተጨመረው ዲጂታል መለኪያ የተሻለ ይናገራል። በሜዳ ላይ ሙቀቱ ቴርሞስታቱ ከሚከፈትበት 82 ዲግሪ ብዙም አይርቅም። ረጅም ዳገት ላይ ይጨምራል፤ ዳገቱ ሲያልቅ ከአሮጌው ይልቅ ቶሎ ይወርዳል። በከባድ ማርሽ ዝግ ባለ ጉዞ ግን ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ እዚያ ያገዘው አዲስ ቪስከስ ክላች ነው። ብየዳዎቹ የመበላት ምልክት የሆነውን ነጭ ዱቄት አላወጡም። ክንፎቹ ጥቅጥቅ ያሉ ስለሆኑ በኤሲው ኮንደንሰርና በራዲያተሩ መካከል የሣር ዘር ይከማቻል፤ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ በቀስታ ውሃ እየለቀቁ ማጠብ ያስፈልጋል፣ ግፊት ሲበዛ ክንፉ ይተኛል። ደካማ ጎኑ የታችኛው ማፍሰሻ ነው፦ የአሉሚኒየም ጥርስ ላይ የብረት ብሎን ሲጠብቅ ይላጣል፤ የፕላስቲክ ቡሽ ከኦሪንግ (የጎማ ቀለበት) ጋር ይሻላል።

መኪናው አውቶማቲክ ካምቢዮ ካለው የካምቢዮው ዘይት ማቀዝቀዣ በታችኛው ታንክ ውስጥ መኖሩን ይጠይቁ፤ ውስጡ ከተበሳ ኩላንቱ ከካምቢዮው ዘይት ጋር ተደባልቆ ካምቢዮውን ያጠፋል። ከጥገና ቦታ ርቆ ለሚሰራ መኪና ደግሞ የመዳቡ ምርጫ አሁንም ይበልጣል፤ ስታኞና የጋዝ ነበልባል ባለበት ሁሉ ይደፈናል፣ አሉሚኒየም ግን አርጎን ብየዳ ይፈልጋል። የፕላስቲክ ታንኩ ለአስፋልት ይበቃል። የላይኛው ታንክ ቡናማ መሆን ሲጀምር ግን ሳይሰነጠቅ መቀየር ነው።