ጎርጎራ ለታሰረች ጀልባ የትኛው ኢንሹራንስ ያዋጣል?

ጎንደር ተቀምጦ ጣና ሐይቅ ዳር ጎርጎራ ላይ የመዝናኛ ሞተር ጀልባ ያሠረ ሰው ኢንሹራንስ ሲጠይቅ መጀመሪያ የሚነገረው የአረቦኑ መቶኛ ነው። ኪስን የሚጎዳው ግን ስለ ሞተሩ የተጻፈው አንቀጽና ኤክሰሱ፣ ማለትም ጉዳት ሲደርስ ባለቤቱ ከኪሱ የሚሸፍነው ድርሻ ነው።

ከሽፋኖቹ ርካሹ ሦስተኛ ወገን ብቻ የሚለው ነው። ለሌላ ሰው አካልና ንብረት ይከፍላል፤ ለራስዎ ጀልባ ምንም የለውም። የተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን አዋጅ ጀልባን ስለማይመለከት የመኪናው መድን እዚህ አያገለግልም። ሁለተኛው ጀልባዋ ጨርሶ ስትጠፋ ብቻ የሚከፍለው ነው። ለጣና ይህን አንመክርም። የሐይቁ ጥልቅ ቦታ 15 ሜትር ገደማ በመሆኑ የሰጠመች ጀልባ ልትወጣ ትችላለች፤ ከወጣች ደግሞ ጉዳቱ ከፊል ተብሎ ካሳው ይቀራል።

የሚያዋጣው ሙሉ ሽፋን ነው፤ ግን ተነብቦ። ብዙ አገር የሚሠራበት የለንደን የመዝናኛ ጀልባ ውል (1985 እ.ኤ.አ.) አውትቦርድ ሞተር (ከጀልባዋ ኋላ በውጭ የሚታሰረው) ተፈትቶ ውኃ ውስጥ ቢወድቅ አይከፍልም። ለስርቆት የሚከፍለውም ሞተሩ ከማሰሪያ ብሎኖቹ ሌላ የስርቆት መከላከያ ቁልፍ ካለው ነው። ፍጥነቷ ከ17 ኖት፣ ማለትም በሰዓት ከ31 ኪሎ ሜትር በላይ ለሆነ ጀልባ ተጨማሪ የፈጣን ጀልባ አንቀጽ ያስፈልጋል። ቀላል ፋይበር ጀልባ ባለ 40 ፈረስ ጉልበት ሞተር ከተገጠመላት ይህን ፍጥነት በቀላሉ ልታልፍ ትችላለች። በዚያ አንቀጽ ሥር ደግሞ ሰው ሳይኖርባት በተጋለጠ ዳርቻ ታስራ ብትሰጥም ካሳ የለም። ከመፈረምዎ በፊት የማሰሪያውን ቦታ በጽሑፍ ያስገቡ።

እንቦጭ ሌላ ጣጣ ነው። የሞተሩን የማቀዝቀዣ ውኃ መግቢያ ሲደፍን ሞተሩ ይግላል፣ ይነክሳል፤ ማለትም ውስጡ ተጣብቆ ይቆማል። ኩባንያው ይህን አደጋ ሳይሆን የሜካኒክ ብልሽት ሊለው ይችላል። ከሞተሩ ጎን የሚወጣው የውኃ ጅረት ሲቀጥን ወዲያው አጥፍቶ፣ ሞተሩን አንስቶ አረሙን መንቀል ነው። ክረምት ሊገባ ሲል የሐይቁ ውኃ ስለሚቀንስ ፕሮፔለር ድንጋይ የሚመታውም ያኔ ነው፤ የፕሮፔለር ጉዳት በፈጣን ጀልባ አንቀጽ ከሽፋን ይወጣል።

ዋጋውን በምሳሌ እንየው። ጀልባዋ ከነሞተሯ 1,500,000 ብር ታወጣለች እንበል። አንዱ ኩባንያ 1.5 በመቶ አረቦን (22,500 ብር) ጠይቆ ከጉዳቱ 15 በመቶ ይቀንሳል፤ ሌላው 2 በመቶ (30,000 ብር) ጠይቆ ቁርጥ 15,000 ብር ይቀንሳል። የ300,000 ብር ጉዳት ቢደርስ በመጀመሪያው 45,000 ብር ከኪስ ይወጣል፣ በሁለተኛው 15,000። ልዩነቱ የአራት ዓመት የአረቦን ብልጫ ያህላል። የ60,000 ብር ጉዳት ከሆነ ግን የመጀመሪያው ይሻላል። ትልቁን ጉዳት ብቻዎን መሸከም ስለማይችሉ እኛ ሁለተኛውን እንመርጣለን።

አረቦን ለመቀነስ ብሎ ዋጋ ማሳነስ ክፉ ነው። ይችው ጀልባ በ1,000,000 ብር ከተመዘገበች ለ300,000 ብር ጉዳት የሚሰላው 200,000 ብር ብቻ ነው፤ ኤክሰሱ የሚነሳውም ከዚያ ነው። የግል መዝናኛ ተብላ የተመዘገበች ጀልባ ደግሞ ወደ ማንደባ ገዳም ተሳላሚ በክፍያ ካሻገረች ውሉ ይናጋል፤ ለዚያ የተሳፋሪ ኃላፊነት ሽፋን ለብቻው ይገዛል።