ጌሪት፦ የኦፐሬቲንግ ሲስተም ባግ ለሚያርሙና እርማቱን ለሚያጸድቁ

የአንድሮይድ ክፍት ኮድ የሚገመገመው በጌሪት ነው፤ ይህም የኮድ ለውጥ ከመግባቱ በፊት ሌሎች አይተው የሚያጸድቁበት መሣሪያ ነው። ትልቁ ጥቅሙ እያንዳንዱን ኮሚት (መልእክት ተጽፎለት የተመዘገበ አንድ የኮድ ለውጥ) ለብቻው ማስገምገሙ ነው። ደራሲው አስተያየት ሲሰጠው ሌላ ኮሚት አይደርብም፤ ያንኑ ኮሚት በአሜንድ (ያለውን ኮሚት በሚተካው ትእዛዝ) አርሞ ይልካል፣ ጌሪትም እያንዳንዱን እትም ፓችሴት 1፣ 2፣ 3 እያለ ያስቀምጠዋል።

አንድ ድራይቨር ባዶ ፖይንተር (ወደ ምንም የማያመለክት የሜሞሪ አድራሻ) ነክቶ ከርነሉን፣ ማለትም የሲስተሙን እምብርት፣ ይጥላል እንበል። ፓችሴት 1 ፖይንተሩ ባዶ ከሆነ ፋንክሽኑ ስህተት መልሶ እንዲወጣ ያደርጋል። ክራሹ ይቀራል፤ ነገር ግን ከላይ የተያዘው ሎክ (አንዱ ሲጠቀም ሌላው እንዲጠብቅ የሚያደርግ መቆለፊያ) ሳይለቀቅ ተወጥቷል፤ ቀጥሎ ሎኩን የሚፈልገው እዚያው ተገትሮ ይቀራል። ገምጋሚው መስመሩ ላይ ይጽፋል፣ ፓችሴት 2 ይመጣል። 1ን ከ2 ጋር ሲያነጻጽር የሚያየው የተጨመረውን አንድ ሁለት መስመር ብቻ ነው። ይህን የመሰለ እፎይታ የለም! በመሀል ሪቤዝ (ኮሚቱን በአዲሱ ኮድ ላይ እንደገና ማስቀመጥ) ከገባ ግን የሌሎች ለውጥም ይቀላቀላል፤ በሌላ ቀለም ቢለይም ዓይን ይበትናል። ሪቤዙን በአንድ ፓችሴት፣ እርማቱን በሌላ መላክ ይሻላል።

ገምጋሚው የሚሰጠው ድምፅ ከ−2 (ማገድ) እስከ +2 (ማጽደቅ) ነው። +1 ማለት «ለእኔ ጥሩ ነው፣ ሌላ ሰው ያጽድቀው» ነው፤ ሁለት +1 ተደምረው +2 አይሆኑም። −2 በተለመደው አሠራር አዲስ ፓችሴት ቢመጣም ይዘልቃል። የሰጠው ሰው ካላነሳው እርማቱ ይታገታል፤ ሰውየው ሥራ በዝቶበት ከጠፋ ደግሞ አስተዳዳሪ ፍለጋ ነው። ለተራ ተቃውሞ −1 ይበቃል።

ጀማሪ የሚቸገረው ቼንጅ አይዲ ላይ፣ ማለትም ፓችሴቶቹ የአንድ ለውጥ መሆናቸውን ጌሪት በሚያውቅበት መለያ ላይ ነው። ይህ መስመር ከኮሚቱ መልእክት ግርጌ ከሌለ ሰርቨሩ አይቀበልም። መፍትሔው የኮሚት መልእክት ሁኩን (መለያውን በራሱ የሚጨምር ትንሽ ስክሪፕት) ከሰርቨሩ አውርዶ ሁክስ ፎልደር ውስጥ ማስገባት፣ የመሥራት ፈቃድ መስጠት፣ ከዚያ አሜንድ ማድረግ ነው። መልእክቱን እንደ አዲስ ሲጽፉ መስመሩ ከጠፋ ሁኩ ሌላ መለያ ይሰጣል፤ ጌሪትም እንደ አዲስ ለውጥ ይከፍተዋል፣ የተጻፈው አስተያየት በድሮው ላይ ይቀራል።

ባጉን ያመጣው ኮሚት የትኛው እንደሆነ ግን ጌሪት ራሱ አይጠይቅም። የሊኑክስ ከርነል ሰዎች «ፊክስስ» በሚል መስመር ባጉን ያመጣውን ኮሚት ሃሽ (የኮሚቱ መለያ ቁጥር) የመጀመሪያ 12 ፊደላት ይጽፋሉ። አጽዳቂው እዚህም ይህንኑ ቢጠይቅ እርማቱ የትኞቹን የቆዩ ቅርንጫፎች (ለብቻቸው የሚጠበቁ የቀድሞ የኮዱ ስሪቶች) እንደሚያስፈልጋቸው ወዲያው ያውቃል።

እርማቱን ወደ ቆየ ቅርንጫፍ ለማሻገር ቼሪ ፒክ የሚል ቁልፍ አለ፤ አንዱን ኮሚት ብቻ ለይቶ ይገለብጣል። ቼንጅ አይዲው ያው ስለሚሆን በእሱ ብቻ ፈልጎ እርማቱ የት የት እንደደረሰ ማየት ይቻላል። ይሁንና ግጭት አልታየም ብሎ +2 መስጠት አይገባም። የድሮው ፋንክሽን ሎኩን የሚይዘው ከፍተሻው በታች ከሆነ ለአዲሱ ኮድ የተጨመረው መልቀቂያ ያልተያዘ ሎክ ይለቃል።